የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው

የእህቴ ልጅ፣

ጥያቄሽ ደርሶኛል። «አጎቴ፣ ልጄ እንደ ሰው ልጅ የሚሆነው መቼ ነው?» ብለሽኛል። ሐኪሟ ኦቲዝም ነው ካለችሽ ወዲህ ሠርግም ክርስትናም መሄድ እንደተውሽ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ይዘሽ ጓዳ እንደምትገቢ እናትሽ አጫውታኛለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን ሳስተምር ኖሬ ዛሬ የሰፈር ሽማግሌ ነኝ። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳይ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚጠይቀው ከሳሹ ማን እንደሆነ ነው። ያንቺን ነገር ሳገላብጠው ከሳሹን አገኘሁት፤ «ሰው ምን ይለኛል» ይባላል። ልጁ ማንንም አልበደለም፤ አንቺም ማንንም አልበደልሽም። እንግዲህ ረጋ ብለሽ ስሚኝና ይህንን ከሳሽ አብረን እንመርምረው።

አባቶቻችን «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይላሉ። ካንድ ማሕፀን ቀዩም ጥቁሩም፣ ተጫዋቹም ዝምተኛውም፣ ችኩሉም ዘገምተኛውም ይወጣል። ይህን ስንተርት ሁላችንም አዋቂ ነን፤ ዥንጉርጉሩ ከገዛ ቤታችን የተወለደ ዕለት ግን ተረቱ ከአፋችን ይጠፋል። ባሕር ማዶ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውና አብረዋቸው የቆሙ ምሁራን ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኒውሮዳይቨርሲቲ ብለው የሚከራከሩለት ሐሳብም ከዚሁ የራቀ አይደለም። የሰው አእምሮ ባንድ መልክ አልተሠራም፤ ለየት ብሎ የተሠራው ሁሉ ተበላሽቶ የተሠራ ነው ማለት አይደለም ነው የሚሉት። ይህን በአፍ መናገር ይቀላል፤ በቤት ማኖሩ ነው ጭንቁ። የእኔም ምክር ስለ ማኖሩ ነው።

አስቀድሜ ከትከሻሽ ላይ አንድ ሸክም ላውርድልሽ። እርጉዝ ሳለሽ ስለተበሳጨሽ፣ ቶሎ ወደ ሥራ ስለተመለስሽ ወይም አቅፈሽ ስላልጠገብሽው የመጣ ነገር የለም። እርግማንም አይደለም። ኦቲዝም የልጁ አእምሮ ገና ከመነሻው የሚያድግበት መንገድ ነው፤ ከዘር የሚወረሰውም ድርሻው ትልቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ገምቷል። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ሞቅ ያለ ሠርግ ድንኳን ውስጥ ስትገቢ እንዳንቺ ያለች ሌላ እናት ሳትኖር አትቀርም። እሷም እንዳንቺ ልጇን ጓዳ ትታ መጥታ ይሆናል።

እናትን መውቀስ የኛ አገር አመል ብቻ እንዳይመስልሽ። ቺካጎ የተቀመጠ ብሩኖ ቤትልሃይም የሚባል ሰው በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህ ልጆች ዝምታ ከእናቶች ፍቅር ማጣት የመጣ ነው እያለ ብዙ አሜሪካዊት እናት አስለቅሷል። የራሱ ልጅ ኦቲዝም የነበረበት የሥነ ልቡና ምሁር በርናርድ ሪምላንድ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1964 ጉዳዩ የአእምሮ አፈጣጠር እንጂ የእናት ጥፋት እንዳልሆነ ጽፎ ነበር፤ ዘመንም ለእሱ ፈረደለት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም 12 ልጆችን ይዞ ኦቲዝምን በክትባት አሳበበ። ጽሑፉ በ2010 ተሰረዘ፣ የሕክምና ፈቃዱም በዚያው ዓመት ተነጠቀ። ስለዚህ የልጅሽን ታናሽ እህት ክትባት አስቀርቻለሁ ያልሽውን ነገር ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደሽ አስተካክዪው።

ስለ ጠበሉም ጠይቀሽኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊ የሆኑ ከ100 በላይ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ የሐኪሙንም ቃል የመንፈሱንም ነገር ጎን ለጎን ይዘው ነው የተገኙት። እኔ ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ፤ ጸልዪ፣ ከፈለግሽም አስጠምቂው። ነገር ግን ውሃ ፊቱ ላይ ሲወርድ የሚሸበር ልጅን እጅና እግሩን ይዞ መድፈቅ፣ አስሮ ማሳደር፣ ጦም ይፈውሰዋል ብሎ ማስራብ ከእምነት አይቆጠርም። የክሊኒኩንም ቀጠሮ በጠበል ሰበብ አታስቀሪ። ሁለቱም መንገድ ሰፊ ነው፤ አንዱ አንዱን አይዘጋውም።

አሁን ልጁን ወደምትለኪበት ሚዛን እንምጣ። «እንደ ሰው ይሁንልኝ» ስትዪ የትኛውን ሰው ነው የምትዪኝ? በ1950 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አየር ኃይል ይህንኑ ጥያቄ ሳያስበው ጠይቆ ነበር። አውሮፕላኖቹ በአብራሪዎቹ እጅ እየተከሰከሱ ቢያስቸግሩት፣ መቀመጫው የተሠራበት መካከለኛ ልክ አርጅቶ ይሆናል ብሎ አብራሪዎቹን እንደገና አስለካ። ጊልበርት ዳኒየልስ የሚባል ወጣት መኮንን የ4,063 አብራሪዎችን ልክ አገላበጠ። ቁመትን፣ ደረትን፣ የክንድን ርዝመትና የመሳሰለውን 10 ልክ መረጠና በ10ሩም መካከለኛ የሆነው ስንት ነው ብሎ ቆጠረ። አንድም አልተገኘም። አንዱ ክንዱ ረዝሞ እግሩ አጭር ነው፤ ሌላው ደረቱ ሰፍቶ ቁመቱ ያንሳል። ያ ሁሉ መቀመጫ በሌለ ሰው ልክ ነበር የተሠራው። አየር ኃይሉም አብራሪዎቹን ሳይነካ መቀመጫውን እንደየሰዉ የሚስተካከል አደረገው። አካል እንዲህ ከሆነ ያልታየው አእምሮ ምን ይሆን?

የኛንም ሚዛን እዪው። በኔ ልጅነት ታላቅ ሰው ፊት ቆሞ ዓይን ዓይኑን የሚያይ ልጅ ዓይን አውጣ ተብሎ ይቆነጠጣል፤ አቀርቅሮ የሚመልሰው ጨዋ ይባላል። ዛሬ ክሊኒክ ስትሄጂ «ሰው ዓይን አያይም» የሚለው ከምልክቶቹ ጋር ይጻፋል። ሐኪሟ አልተሳሳተችም፤ ሕፃን የእናቱን ዓይን አለመፈለጉ፣ በስሙ ሲጠራ ዘወር አለማለቱ፣ በዓመት ተኩሉ የወደደውን ነገር በጣቱ አለማሳየቱ ለእሷ የሚነግራት ነገር አለ። አንቺ ግን ሚዛን ካገር አገር፣ ከዘመን ዘመን እንደሚለያይ ልብ በይ። ግራኝ ተማሪ በእኛ ጊዜ ጣቱን በማስመሪያ እየተመታ በቀኙ እንዲጽፍ ይገደድ ነበር። ዛሬ ማን ይነካዋል? ልጆቹ ያው ናቸው።

ባሕታዊውንም አስቢ። ከሰው ተለይቶ ዋሻ ይገባል፣ ቀኑን በዝምታ ያሳልፋል፣ አንዱን ጸሎት ደጋግሞ አይሰለቸውም፤ ሰው በረከት ልቀበል ብሎ ተራራ ይወጣለታል። የድጓ መምህሩም ዕድሜውን ባንድ መጽሐፍ ላይ አሳልፎ የእያንዳንዷን የዜማ ምልክት ቦታ በቃሉ ያወጣታል፤ ከፊቱ ዝቅ ብለን እናልፋለን። እነዚህ ኦቲዝም ነበረባቸው እያልኩሽ አይደለም፤ እንዲያ ማለት ድፍረት ይሆናል። የምልሽ፣ ዝምታም፣ ብቸኝነትም፣ አንድን ነገር መደጋገምም ቦታ ካገኘ የሚከበርበት አገር ውስጥ እንደምንኖር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቆርኪ ሲደረድር የሚውለው ልጅ ግን ይሳቅበታል። ምላሳችንም ቢሆን ሁለት ሚዛን ይዟል፤ ሲያሻን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እንላለን፣ ሲያሻን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንላለን። ዳኛው እንዲህ የሚዋልል ከሆነ አንቺ ለምን በፍርዱ ትታመሚያለሽ? «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» በይ።

ይህን ስልሽ ችግር የለም ብዬ ላሞኝሽ አይደለም። ሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ልጅ እናት ምን ያህል እንደሚደክማት፣ ልጅ ራሱን ከግድግዳ ሲያጋጭ አንጀት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ዕድሜ ልኩን የማይናገር አለ፣ የሚጥል በሽታ የሚደርብበት አለ፣ ሁልጊዜ ደጋፊ የሚያስፈልገው አለ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባም፣ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድርም አለ። ሁሉንም ባንድ አፍ ሊቅ ነው ማለት እንደ ስድብ የሚከብድ ሙገሳ ነው፤ ሊቅ ያልሆነው ልጅ ምን ይሁን? ልጅሽ እንዲከበር ሊቅ መሆን የለበትም። እርዳታ ግን ያስፈልገዋል። አስቀድመሽ ጆሮውን አስመርምሪ፤ የንግግር ባለሙያ ካገኘሽ አሳዪው፤ መናገር ቢያቅተው በሥዕል እያመለከተ የሚፈልገውን እንዲነግርሽ አስተምሪው። ሥዕል ያመለከተ ልጅ ንግግሩ ይቀራል ብለው ቢያስፈራሩሽ አትስሚያቸው፤ ልጅ ሐሳቡን የሚያወጣበት በር ሲያገኝ ጩኸቱ ይቀንሳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ኦቲዝም በሽታ ባይሆንም ተረቱ ለዚህም ይሠራል። የተደበቀ ልጅ የሚማርበት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላውራሽ፤ ከምክሬ ሁሉ ይህንን እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ። በ1943 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም አስተዋወቀ። ከ11ዱ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ነው፤ በ1933 ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሕፃን ሳለ ሰው ሲመጣ ዘወር ብሎ አያይም፣ የሚሽከረከር ነገር ካገኘ ሌላ አይፈልግም፣ ቁጥር ይወዳል። ሐኪሞች ከቤት አውጡት ብለው መክረው ገና በ3 ዓመቱ ከወላጆቹ ርቆ ወደ አንድ ተቋም ገባ። ወላጆቹ ግን ዓመት ያህል ቆይተው ሄደው አመጡት። አባቱ የሕግ ሰው ነበርና ስለ ልጁ 33 ገጽ ደብዳቤ ለካነር ጻፈ።

ኋላ ልጁ አንድ የገበሬ ባልና ሚስት ቤት እንዲኖር ተደረገ። በ1945 እ.ኤ.አ. ካነር ሊጠይቀው ቢሄድ ያየው ነገር አስገረመው። ልጁ ሁሉን ነገር መለካት ይወዳል፤ ገበሬው ልኬቱን ተው አላለውም፤ ጉድጓድ ቆፍርና ጥልቀቱን ንገረኝ አለው። የሞቱ ወፎችና ነፍሳት እየለቀመ ቢያስቸግር የመቃብር ቦታ ከለሉለት። የበቆሎውን መስመር ደጋግሞ መቁጠር ሲያበዛ፣ እያረስክ ቁጠረው ብለው ፈረስና ማረሻ ሰጡት። ካነር ቆሞ እያየ ልጁ ስድስት ረጅም ትልም አረሰ፣ ፈረሱንም ጫፍ ላይ አሳምሮ መለሰው። የዓለም ሊቃውንት ገና መላ ባላገኙበት ዘመን እነዚያ ገበሬዎች የልጁን አመል ሳይሰብሩ ሥራ ሰጡት።

አሁን ወደ ራስሽ ቤት ተመልከቺ። ባለፈው ለቡና ስትመጡ ልጅሽ ሲኒዎቹን ከረከቦቱ አውርዶ ምንጣፉ ላይ በተርታ ደረደራቸው። ጆሮዎቻቸውን ሁሉ ወደ መስኮቱ አዞረ። ጆሮዋ የተሰበረችውን አንዷን ሲኒ ለይቶ ጫፍ ላይ ብቻዋን አስቀመጣት። አክስቶችሽ «ኧረ ይሰብራል!» ብለው ሲነጥቁት ነው ያ ሁሉ ጩኸት የመጣው። እኔ ግን የተሰበረችዋን ሲኒ እያየሁ ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው ለስንት ጊዜ ሲጠጣባት ኖሮ ያስተዋላት እሱ ነው። በሚቀጥለው ቡና ላይ ረከቦቱን ለእሱ ስጪው። ሲኒ መደርደር የእሱ ሥራ ይሁን፤ በፈለገው በኩል ጆሯቸውን ያዙር። ቆርኪ መለየት ከወደደ ሽንብራና ምስር ከጥራጥሬው ይልቀም፤ የታክሲ ታርጋ ማንበብ ከወደደ ቁጥር የሚማረው በዚያ ነው። ከሚወደው ነገር እየጎተትሽ ከምታወጪው፣ በሚወደው ነገር ይዘሽው ውጪ።

ሌላው ምክሬ ለዘመድ ነው፤ አንብቢላቸው። «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» እንላለን። እነዚህን ልጆች በተመለከተ ግን የማጨብጨቡን ዕዳ ሁሉ ባንዱ እጅ ላይ ጭነነዋል፤ እሱ ሰላም ይበል፣ እሱ ይሳም፣ እሱ ይጫወት። ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚያን ሚልተን በ2012 እ.ኤ.አ. አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው ብሎ ጻፈ፤ እነሱ የኛን ፊት ማንበብ እንደሚቸግራቸው ሁሉ እኛም የነሱን ማንበብ ያቅተናል። በ2020 የኤድንብራ ተመራማሪዎች ይህን ፈተሹት። አንድ ተረት ከሰው ወደ ሰው በጆሮ እንዲቀባበሉ አደረጉ። ኦቲዝም ያለባቸው ብቻቸውን ሲቀባበሉ ወሬውን ከሌሎቹ ባላነሰ ጠብቀው አደረሱት። ወሬው የተበላሸው ሁለቱ ወገን ሲደበላለቁ ነው። እንግዲህ ድልድዩን መሥራት የሁለታችንም ነው፤ አዋቂ የሆነው ደግሞ የበለጠውን ድንጋይ ይሸከም።

ለአክስቶችሽ ንገሪያቸው፤ ልጁን ሦስት አራት ጊዜ አገላብጦ መሳም ፍቅር ቢሆንም እሱን ያሳምመዋል፤ እጁን ሲዘረጋ ብቻ ይጨብጡት። ጉርሻ በግድ አይጉረስ። ወጥ ያራሰው እንጀራ ከንፈሩን ሲነካው የሚያስጠላው ልጅ ደረቁን ከነጠርዙ ይብላ፤ ያ ስስትም ጥጋብም አይደለም። እልልታና ከበሮ ሲጀመር ጆሮውን የሚደፍነው ሠርጉን ጠልቶ እንዳይመስላቸው፤ እኛ የምንሰማው ድምፅ ለእሱ በእጥፍ ስለሚገባበት ነው። ድንኳን ዳር፣ መውጫው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሲበቃው ይዘሽው ትወጫለሽ፣ ሲረጋጋ ትመለሳላችሁ። ሙሽራው ይቀየማል ብለሽ አትስጊ፤ ከተቀየመም ልቡን ይመርምር። የሚሄድበትን ቦታ ቀድመሽ ንገሪው፣ ፎቶውን አሳዪው። ድንገተኛ ነገር ለእሱ ሰማይ እንደተገለበጠ ነው።

ጎረቤትሽም ይወቅ። እነዚህ ልጆች በር የተከፈተ ዕለት ውልቅ ብለው የሚጠፉበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚስባቸው ውሃ ነው። ስልክ ቁጥርሽን ልብሱ ውስጥ ስፊለት። የባለሱቁን ልጅ፣ የጥበቃውን፣ የሊስትሮውን፣ የታክሲ ተራ አስከባሪውን አስተዋውቂው፤ «ይህ ልጅ የኔ ነው፣ ስሙ ይህ ነው፣ ሲጠሩት ላይመልስ ይችላል» በያቸው። ሰው ያላወቀውን ይፈራል፣ ያወቀውን ይጠብቃል። የተደበቀ ልጅ የጠፋ ዕለት ማን ተብሎ ይፈለጋል?

ስለነሱ ስንመካከር ደግሞ እነሱን እንዳንረሳ። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ነውና፣ ኦቲዝምን ከኖሩበት ሰዎች በላይ የሚያውቀው የለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ጂም ሲንክሌር የሚባል ኦቲዝም ያለበት አሜሪካዊ ወላጆች ፊት ቆሞ ስለኛ አታልቅሱ አላቸው። የምታለቅሱለት ስታልሙት የነበረውን ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ መጀመሪያም አልነበረም፤ የተወለድነውን እኛን ግን እዩን ነበር የነገሩ ፍሬ። ብዙ ወላጅ ከፍቶት ይሆናል፤ እኔ ግን እውነት ነው እላለሁ። ያለምሽው ልጅ ቀረ፤ ጥቂት ቀን አልቅሺለት፣ ሰው ነሽና። ከዚያ ተነሺ። በሕይወት ላለ ልጅ ድንኳን አይጣልም።

አገራችን ውስጥም መንገድ የጠረገ አልጠፋም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ብዙ ሰው ኦቲዝም የሚለውን ቃል ሰምቶ በማያውቅበት ጊዜ በቴሌቪዥን ቀርበው ልጄ እንዲህ ነው አሉ። እሳቸው ዛሬ የሉም፤ በዚያ አንድ ድፍረት የተነሳ ግን ስንት ልጅ ከተዘጋ ቤት ወጥቷል። ኋላም ወላጆች ተሰባስበው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀውን ሥልጠና ለኛ አገር እንዲስማማ አድርገው ሞክረውታል። ቦታው ከፈላጊው ጋር አይመጣጠንም፤ ወረፋው ያስመርራል፤ ከአዲስ አበባ የወጣ ሰውማ ምን ያገኛል? ቢሆንም ሂጂ፣ ተመዝገቢ፣ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ቡና ጠጪ። ካንድ ሐኪም የቀጠሮ ሰዓት ይልቅ ያንን መንገድ ቀድማ የሄደችው እናት የምትነግርሽ የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነው።

ትምህርት ቤት አልቀበልም ካለሽ አንገትሽን ደፍተሽ አትመለሺ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ የመማር መብት በዚያ ውስጥ አለ። ርዕሰ መምህሩን በትሕትና ጠይቂው፣ እምቢ ካለ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂው፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ እኔን ጥሪኝ፣ ሽማግሌ የተፈጠረው ለዚህ ነው። መምህሯንም አትጣያት። ሃምሳ ልጅ ፊቷ ተቀምጦ ስለ ኦቲዝም አንድ ቀን ያልሠለጠነች ሴት ናት። ልጅሽ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ምን እንደሚያረጋጋው በአንዲት ወረቀት ጽፈሽ ስጫት፤ ከፊት ወንበር፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርጋ ታስቀምጠው።

ለባልሽ ደግሞ ይህን አድርሺልኝ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለ የልጁን ነገር ለሴት ትቶ ማታ ማታ ውጭ ማምሸቱን አውቄያለሁ። እናት ብቻዋን የተሸከመችው ልጅ እናቱን ይዞ ይወድቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን እሱ ይዞ ይውጣ፤ አንቺ ተኚ። ታላቅ እህቱንም አትርሷት። የወንድሟ ጠባቂ አድርጋችሁ ከሾማችኋት ልጅነቷን ትበሏታላችሁ፤ ለእሷም የራሷ ሰዓት ይኑራት።

በመጨረሻ፣ ያልጠየቅሽኝን ግን ልብሽ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ልመልስልሽ። «እኔ የሞትኩ ዕለት ማን ይይዘዋል?» ነው። የዶናልድን ነገር ልጨርስልሽ። አድጎ ኮሌጅ ገባ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ተመረቀ፣ በከተማው ባንክ ተቀጥሮ ዕድሜውን ሠራ። መኪና መንዳት ተማረ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ ብቻውን እየተጓዘ ከ30 በላይ አገሮችን አየ። ለሚወዳቸው ሰዎች ቁጥር ያወጣላቸው ነበር፤ በዚያች ከተማ አንዴ ለሰው ያወጣውን ቁጥር ከዓመታት በኋላም አይረሳውም ነበር። ወላጆቹ ካለፉ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በዚያው ባደገበት ቤት ኖሮ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ጋዜጠኞች ታሪኩን ፍለጋ ሲመጡ የከተማው ሰዎች እሱን የሚጎዳ ነገር ብታደርጉ ወዮላችሁ ብለው አስጠንቅቀዋቸው ነበር።

አልሸሽግሽም፤ ቤተሰቡ ሀብታም ነበር፣ ባንኩም የዘመድ ነበር፣ በዚያ አገር በዚያ ዘመን ነጭ ሆኖ መወለድም ራሱ ሀብት ነበር። በዚያው ሚሲሲፒ የድሃ ጥቁር ልጅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደረግለትም። ገንዘቡን እኛ አናገኘውም። ያ ከተማ የሰጠው ሌላው ነገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከልጅነቱ አይተውታል፣ አመሉን ለምደውታል፣ የኛ ሰው ነው ብለውታል። ይህ እኛ ዘንድ ሞልቶ የተረፈ ነው። ዕድራችን ድንኳንና ሰሃን ብቻ መቁጠር የለበትም፤ ወላጅ ያለፈበትን እንዲህ ያለ ልጅ ማን እየዞረ እንደሚጠይቀው ከወዲሁ በመዝገብ ይያዝ። በሚመጣው የዕድራችን ስብሰባ ይህን እኔ አነሳለሁ፤ አንቺም በሰፈርሽ አንሺ፣ ካፈርሽ ልጁን ይዘሽ ግቢ፣ እሱ ይናገርልሻል። ሰው አንቺ ከሞትሽ በኋላ እንዲይዘው አንቺ በሕይወት ሳለሽ ሊያውቀው ይገባል። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ያሉት ልጁ ጓዳ ተቀምጦ አይሠራም።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው። ልጅሽ ሰው ከሆነ ቆየ፤ የቀረን እኛ ነን። ፋሲካ ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ ቤቴን ጸጥ አደርጋለሁ፣ ራዲዮኑን አጠፋለሁ፣ ረከቦቱን ለእሱ አዘጋጃለሁ፣ ሳመው የሚለው ሰው ካለ ከኔ ጋር ይነጋገራል።

በይ ልጄ፣ እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታ፣ ዓይንሽ እንቅልፍ ያግኝ። ሰው ምን ይለኛል ከቤትሽ ይውጣ፣ ሰው ራሱ ይግባ። ልጅሽን በረከት ያድርግልሽ፤ አንደበቱ ቢፈታ የሚሰማው አይጣ፣ ባይፈታም የሚረዳው አይጣ። ባልሽን ልብ ይስጠው፣ ልጆችሽን ባንድ ገበታ ያስቀምጥልሽ፣ እነሱንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ወጉም ማዕረጉም በየራሳቸው ልክ የተሰፋ ይሁን። አሜን በይ።

አጎትሽ